አስታማሚዋን ማን ያሳርፋት?

በቅርቡ ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነበር። ጸሐፊዋ ስሟን ብትገልጽም እንዳይወጣ ስለ ለመነችን አንጠራውም። የ34 ዓመት ሴት ናት። እናቷን ከስድስት ዓመት በፊት ደም ግፊት ጣላቸው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። እሷም የልብስ ስፌት ሥራዋን ትታ እቤት ውላ ታስታምማለች። ከደብዳቤዋ የሚከተለውን እንዳለ አቅርበነዋል።

«ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ትጠራኛለች። አንድ ሌሊት ስትጠራኝ ሰማሁ፤ ግን እንዳልሰማ ሆኜ ተኛሁ። ትንሽ ቆይቶ ኩባያው ሲወድቅ ሰማሁ። ያን ጊዜም አልተነሣሁም። ጧት ልብሷ ርሶ አገኘኋት። ‹እንቅልፍ ጥሎሽ ነው የኔ ልጅ› አለችኝ። ‹አዎ› አልኳት። እኔ ክፉ ሰው ሆኜ ነው ወይ?»

ይህን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ መልሱን ቢሮ ተቀምጬ ለመጻፍ አልደፈርኩም። ፈቃዷን ጠይቄ እቤቷ ሄድኩ።

ቤቱ ንጹሕ ነው። እናትየው በመስኮቱ በኩል ባለ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ነጭ ነው፤ ጠጉራቸው ተበጥሯል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም የመኝታ ቁስል አልወጣባቸውም። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የተኛ ሰው ገላ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ያችን ሴት «ክፉ» ሊላት የሚችል ሰው ካለ መጀመሪያ ያንን አልጋ ይመልከት።

ዓይኖቿ ግን ቀልተዋል። ስታነጋግረኝ ሁለት ጊዜ የምትለው ጠፋባት። ወገቧን እንደሚያማትና ቤተ ዘመድ ሰርግ ከሄደች አራት ዓመት እንዳለፋት ነገረችኝ። «የሚረዳሽ የለም?» አልኳት። ሁለት ወንድሞች በዚሁ በአዲስ አበባ አሏት፤ ለበዓል ሥጋና ቅቤ ይዘው ይመጣሉ። ታላቅ እኅቷ ጅዳ ናት። እሷም እዚያ የሰው አሮጊት ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታስተኛለች፤ ደመወዝ ስትቀበልም ለእናቷ መድኃኒት ትልካለች። አንዷ እኅት በደመወዝ የባዕድ እናት፣ ሌላዋ ያለ ደመወዝ የራሷን እናት ያስታምማሉ ማለት ነው።

የዚችን እኅታችንን ጥያቄ ስመልስ፤ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የደከመች ሰው ናት። ነገር ግን «አይዞሽ» ብቻ ብዬ ብተዋት አታለልኳት ማለት ነው። ያች ሌሊት ማስጠንቀቂያ ነበረች። ድካም ሲበዛ እጅ መድኃኒት ያሳስታል፣ አፍ ክፉ ቃል ያወጣል፣ ጆሮ እየሰማ አይሰማም። ያን ጊዜ የሚጎዱት ሁለቱም ናቸው። ስለዚህ የአስታማሚ ዕረፍት ለታማሚዋም እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ነገር ነው።

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለማንኛውም ተቀጣሪ ሠራተኛ በሳምንት ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይገባዋል ይላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189ም ለቤት ሠራተኞች ይህንኑ 24 ሰዓት ይደነግጋል። ልጅ፣ ምራት ወይም ሚስት የሆነችው አስታማሚ ግን ደመወዝም የላት፣ እሑድም የላት። ፍቅር ስላለባት ሥራ አይደለም ተብሎ ይታለፋል።

በሌሎች አገሮች እንዴት ነው?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ልዩነቱ አንዳንድ አገሮች የአስታማሚን ዕረፍት በሕግ አውቀው ገንዘብ መድበውለታል። በውጭ አገር ወገን ያላችሁ አንባብያን ብዙ ስለሆናችሁ ይህን ቆርጣችሁ ብትልኩላቸው ይጠቅማቸዋል፤ መብቱ እያለ ባለማወቅ ብቻ የሚጎዱ አሉና።

በጀርመን አገር ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእንክብካቤ ብቻ የተቋቋመ የግዴታ መድን አለ። ታማሚው ተመርምሮ የእንክብካቤ ደረጃ ይሰጠዋል። ደረጃ 2 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አስታማሚው ሲያርፍ ወይም ሲታመም ተተኪ የሚቀጠርበት፣ አለዚያም ታማሚው ለጥቂት ሳምንታት ወደ መጦሪያ ቤት ገብቶ የሚቆይበት ገንዘብ አለው። ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ገንዘብ ለሁለቱም በአንድነት በዓመት እስከ 3,539 ዩሮ ሲሆን፣ ተተኪው በዓመት እስከ ስምንት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

በአሜሪካ አገር መንገዱ ብዙ ነው፤ ስለዚህም ሰው ይደናገራል። በ2000 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የቤተሰብ አስታማሚዎች ድጋፍ ፕሮግራም በየአካባቢው ባሉ የአረጋውያን ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በኩል ይሠራል። ዕድሜው 60 ዓመት የሞላውን ሰው፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ላይ ሆኖ የመርሳት ሕመም የያዘውን ሰው የሚያስታምም ቤተሰብ ምክር፣ ሥልጠናና የተወሰነ የዕረፍት ሰዓት ሊጠይቅ ይችላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎች የሚታከሙበት ሜዲኬይድም እንደየክፍለ ግዛቱ ለቤት እንክብካቤ በሚፈቅዳቸው ልዩ ፕሮግራሞች ውስጥ የአስታማሚ ዕረፍትን ያካትታል። ሜዲኬር በበኩሉ በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ለመርሳት ሕሙማን «ጋይድ» የተባለ የሙከራ ፕሮግራም ጀምሯል። በዚህ ፕሮግራም በተመዘገቡ የሕክምና ተቋማት በኩል፣ ሕመማቸው መካከለኛ ወይም ጽኑ ለሆነና አስታማሚ ላላቸው ሰዎች በዓመት እስከ 2,500 ዶላር የሚደርስ የዕረፍት አገልግሎት ይከፈላል። በሆስፒስ፣ ማለትም በሕይወት ፍጻሜ እንክብካቤ ላይ ላለ ታማሚም በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ቀን በተቋም ተኝቶ አስታማሚው የሚያርፍበትን ወጪ ሜዲኬር አብዛኛውን ይሸፍናል።

«እንግሊዝኛ አልችልም» ብላ ቤት የተቀመጠች እናት ካለች ደግሞ ይህን ትወቅ። በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛም በዚያ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ለማስተርጎም መውሰድ አያስፈልጋትም።

በእንግሊዝ አገር የ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ አስታማሚዋ ራሷ ችግሯ እንዲጠና የአካባቢዋን ምክር ቤት የመጠየቅ መብት ሰጥቷታል። ልብ በሉ፤ የሚጠናው የታማሚው ችግር ብቻ ሳይሆን የእሷም ነው። በእስራኤልም ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የእንክብካቤ መድን በቤታቸው ለሚኖሩ አረጋውያን የረዳት ሰዓት ይመድባል፤ ቤተሰቡ ከፈለገም በአረጋውያን የቀን መዋያ ሊለውጠው ይችላል።

በእነዚህ አገሮች ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አለ። ገንዘቡ ራሱ ቤት ድረስ አይመጣም። መጠየቅ፣ ፎርም መሙላት፣ ከሐኪም ማስረጃ ማምጣት፣ አንዴ «አይሆንም» ቢባል እንደገና ማመልከት ያስፈልጋል። የደከመች ሴት ለዚህ ጉልበት ስለማይኖራት ከዘመድ አንዱ የወረቀቱን ሥራ ቢይዝላት ትልቅ እርዳታ ነው።

በእኛስ አገር?

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ወሬ ነው» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ በዚያ መጠን የተደራጀ ነገር የለንም። ሆኖም ባዶ እጃችንን አይደለንም።

መጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የቀለብ ግዴታን በወላጅና በልጅ መካከል፣ እንዲሁም በወንድምና በእኅት መካከል ደንግጓል። ሠርቶ ማደር ለማይችል ችግረኛ ወላጅ የሚሰጠው ቀለብ ደግሞ ምግብ ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስንና ጤናን የሚመለከት ነው። ሕጉ «ሴት ልጅ ትጡር» አይልም፤ «የመጨረሻዋ ልጅ» አይልም፤ «ያላገባችው» አይልም። ግዴታው የሁሉም ልጆች ነው። ይህን የምጠቅሰው ወንድማማቾች በፍርድ ቤት እንዲካሰሱ አይደለም። ነገር ግን «እኛ ለበዓል እናመጣለን» የሚል ወንድም፣ እኅቱ በየቀኑ የምትከፍለው ጉልበት ከእሱ ድርሻ ላይ የተነሣ መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ የተቀጠራችሁ እኅቶችና ወንድሞች ፈቃዳችሁን ዕወቁ። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀናት ያለ ክፍያ፣ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። ሦስት ወንድማማቾች ከዓመት ፈቃዳቸው አምስት አምስት ቀን ቢያዋጡ አስታማሚዋ በዓመት 15 ቀን አረፈች ማለት ነው። ይህ ሳንቲም አያስወጣም።

ሦስተኛ፣ ወረዳችሁን ጠይቁ። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲ ኔት ሲነሣ፣ ሠርተው ማደር ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን የሚሰጥ ቀጥታ የገንዘብ ድጋፍን አካቶ ነው። ጎረቤት መላ ቤተሰቡን ያውቃል፤ የአልጋ ቁራኛ የሆነችውን እናት ግን የማያያት ጊዜ አለ፤ ደጅ አትወጣማ። ስለዚህ ምዝገባ ሲኖር ስሟን የሚያስጠራላት ሰው ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ የአእምሮ ዕድገት ችግር ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እናቶች ከሁሉ በላይ ዕረፍት የሚነፈጉ ናቸው፤ የእነሱ ማስታመም በዓመታት አያበቃምና። በዚህ ረገድ ፋና የወጉት የኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመው ነበር። እንዲህ ያለ ማዕከል ለልጁ ትምህርት ነው፤ ለእናት ደግሞ ከጧት እስከ ከሰዓት የምትተነፍስበት ሰዓት ነው። ማዕከሎቹ ጥቂቶች ስለሆኑ ተራ ይጠበቃል፤ እንግዲያስ ቶሎ ተመዝግቦ መጠበቅ ነው።

አምስተኛውና ከሁሉም የቀረበው ዕድራችን ነው። ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ሦስት ቀን ተረኛ ይመድባል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ያው ተረኛ ሰው ሳይሞት፣ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ የተኛ ሰው ካለበት ቤት ቢቀመጥ ምን ይጎድለናል? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የምንተርተው ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

እንዴት እንጀምር?

የዚች እኅታችን ቤተሰብ ያደረገውን ብነግራችሁ ይሻላል።

መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መጻፍ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ከጧት እስከ ጧት የምትሠራውን በደብተር መዘገበች፤ ስንት ጊዜ እንዳገላበጠች፣ ስንት ጊዜ ሌሊት እንደ ተነሣች፣ ስንት አንሶላ እንዳጠበች። ከዚያ ጎረቤታቸው የሆኑት የዕድር ዳኛ በተገኙበት ወንድሞቿ ተጠሩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ክስም አላቀረበችም። ደብተሩን አነበበችላቸው። ታላቅየው «እኔ እኮ የምትቸገሪ አልመሰለኝም፤ እቤት ነው ያለሽው ብዬ ነበር» አለ። ይህች «እቤት ነው ያለሽው» የምትባል ቃል ስንት ሴት ጎዳች!

በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው። ሁለቱ ወንድሞችና የጅዳዋ እኅት በየወሩ እንደ ዕቁብ እያዋጡ አንዲት ተመላላሽ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። መዋጮው በደብተር ይጻፋል፤ የሚይዘውም ታናሽየው ወንድም ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የታላቅየው ሚስት ትቀመጣለች ተብሎ ሊወሰን ሲል የዕድር ዳኛው ጣልቃ ገቡ። «ሚስትህ ትቀመጥ ትላለህ፤ እናቷ እኮ አይደሉም። አንተ ራስህ ተቀመጥ» አሉት። አሁን እሑድ እሑድ እሱ ራሱ ይመጣል። መጀመሪያ ቀን እናቱን ሲያጎርስ አጥሚቱን ደረታቸው ላይ ደፍቶባቸው ሁለቱም ሳቁ አሉ።

ነገሩ ሁሉ ግን የተቃና አይምሰላችሁ። እናትየው የባዕድ እጅ እንዲነካቸው አልፈለጉም። «ልጄ ሰለቸችኝ ማለት ነው» ብለው አንድ ቀን ሙሉ እህል አልቀመሱም። ይህ በብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። መፍትሔው ቀስ ማለት ነበር፤ ተመላላሿ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቡና እያፈላች፣ ልጅየው አጠገቧ ሆና አብራ ዋለች። በሦስተኛው ሳምንት ልጅየው አንድ ሰዓት ብቻ ወጣች፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት፤ ከዚያ ግማሽ ቀን። ደግሞም እናትየውን «ሰለቸሽኝ» ሳይሆን «ወገቤን ሐኪም ልታይ» አለቻቸው፤ ሐቅም ስለሆነ ተቀበሉ።

ተተኪ ለማስቀመጥ ስትሰናዱ የሚከተሉትን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከአልጋው ራስጌ ለጥፉ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት። ታማሚው ሲበላ ቀና ብሎ መቀመጥ እንዳለበት፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቶሎ እንዳይጋደም፤ በተለይ መዋጥ የሚያስቸግረው ከሆነ። በስንት ሰዓት በየትኛው ጎን እንደሚገላበጥ። ምን ሲያይ ተተኪው መደንገጥ እንዳለበት፤ ለምሳሌ ድንገት ፊት ቢጣመም፣ ንግግር ቢንተባተብ፣ ትንፋሽ ቢያጥር። የሐኪም ቤቱንና የአንድ ቅርብ ጎረቤት ስልክ ቁጥር። በሽተኛ ከሆስፒታል ስታወጡም ነርሷን «እንዴት ላንሣት? እንዴት ላገላብጣት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በእጇ ታሳያችሁ። ብዙ የአስታማሚ ወገብ የሚጎዳው ይህ ሳይጠየቅ ስለሚቀር ነው።

ለአስታማሚዎችም አንድ ቃል አለኝ። የዕረፍት ቀናችሁን ልብስ በማጠብና ጤፍ በመልቀም አትጨርሱት። ይህች እኅታችን በመጀመሪያው ነጻ ቀኗ ምን እንዳደረገች ጠየቅኋት። ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዳ ጥለት ልታይ አስባ ነበር። ግን ጓደኛዋ ቤት ገብታ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብላ ጫማዋን ሳታወልቅ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ደንግጣ እየሮጠች ስትመለስ እናቷ ተቀምጠው ከተመላላሿ ጋር ጨዋታ ይዘዋል። ቀና ብለው አዩዋትና፣ «ዛሬ ፊትሽ መጣ» አሏት።

ያን ዕለት ማታ ስለዚያች ሌሊት ለእናቷ እውነቱን ነገረቻቸው። «ሰምቼሽ ነበር፤ አልተነሣሁም» አለቻቸው። እናትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ «አውቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ስጠራሽ ሁለት ጊዜ አስቤ ነው» አሉ። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔም መጻፊያዬን አስቀመጥኩ። እንግዲህ ለስድስት ዓመት ሙሉ እኅቷን ብቻዋን የተወ ቤተሰብ፣ ሳያውቀው ውኃ ለመጠየቅ የምትሳቀቅ እናት አፈራ ማለት ነው።

ታናሽየው ወንድም ባለፈው ወር መዋጮውን ሳይሰጥ ቀርቷል፤ ደብተሩ ግን እሱ እጅ ስለሆነ ዕዳውን ራሱ ጽፎታል። ይህም አንድ ነገር ነው።

ውድ አንባብያን፤ በሰፈራችሁ የተዘጋ በር ያለው፣ አንሶላ በየቀኑ የሚሰጣበት ቤት ካለ እስቲ ዛሬ አንኳኩ። «ምን ልርዳሽ?» አትበሉ፤ «ምንም» ትላችኋለች። «ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እኔ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ውጪ» በሏት። ዕድራችሁም በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ ቢያነሣና ተራ ቢያወጣ፣ እንዴት እንደ ሠራ ጻፉልን፤ ለሌሎች አርአያ እንዲሆን በዚህ ዓምድ እናወጣዋለን።

ደኅና ሰንብቱ።